ያልታዘዘችው ኪኒን

ጎበዝ የክትትል ነርስ መጀመሪያ የምትጠይቀው ፌስታሉን ነው። «አደይ፣ መድኃኒቶቹን ይዘው መጥተዋል?» ትላለች። ፌስታሉ ተፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል። የስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ አለ፤ የግፊቱ ኢናላፕሪል፣ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ፤ ለኮሌስትሮል የተሰጠ አቶርቫስታቲንም አለ። አስፕሪን አይጠፋም። ከእነዚህ መሐል ማንም ሐኪም ያላዘዘው፣ ጎረቤት ለጉልበት ቁርጥማት ያካፈለችው ዳይክሎፌናክ ብቅ ይላል። ከሥር ደግሞ ከአምና የተረፈ፣ ስሙ የተፋቀ አንድ ብጫ ፍሬ።

እዚህ አደይ የምላቸው ሴት አንድ ሰው አይደሉም። መቐለ ውስጥ፣ በአይደርም ይሁን በመቐለ ሆስፒታል ወይም በአንዱ ጤና ጣቢያ፣ በክትትል ቀን አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ የብዙ እናቶች ድምር ናቸው፦ ስልሳን የተሻገሩ፣ ስኳርም ግፊትም ያለባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ኩላሊታቸው መዛል የጀመረ። ነርሷም እንዲሁ ናት። በዚህ ሥራ የተካኑ ሰዎች የሚያደርጉትን አንድ ላይ ሰብስቤ ነው የማወራው፤ ሁሉም ክፍል ሁልጊዜ እንዲህ ይሠራል ማለቴ አይደለም። ወረፋው ሲረዝም ከዚህ ግማሹ እንኳ አይሠራም።

ስለ ቀዶ ጥገና ሐኪም እጅ ብዙ ተወርቷል፤ ይገባዋልም። ይህኛው ሙያ ግን አድናቂ የለውም፤ የሚታይ ነገር አይተውማ። ስፌት የለው፣ ጠባሳ የለው። ውጤቱ አንዲት እናት አራት አምስት ሕመም ይዘው ዘንድሮም እንዳምናው ገበያ ወጥተው መግባታቸው ነው፤ ለዚህ ማን ያጨበጭባል? ልብ ብሎ ላየው ግን ይህ ሥራ ከየትኛውም የእጅ ሙያ አያንስም ባይ ነኝ። የትግራይን የድንጋይ ቤት፣ ህድሞውን፣ የሚያነሣ ግንበኛ አንዱን ድንጋይ ለብቻው አይቶ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይልም፤ ከጎኑና ከሥሩ ካለው ጋር ይገጥም እንደሆነ እያገላበጠ ያየዋል። ነርሷም፣ ሐኪሙም፣ ፋርማሲስቱም በፌስታሉ ይዘት ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ኪኒን ለብቻው ትክክል ሊሆን ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ሲገጣጠሙ ነው።

አደይ እግራቸው ማበጡን ይናገራሉ። ያልበሰለ ባለሙያ እዚህ ላይ ይቸኩላል፦ እብጠት ካለ ልብ ወይም ኩላሊት ነው፤ እንግዲያው የሚያሸና ፉሮሰማይድ ይጨመር። ፉሮሰማይዱ ፖታሲየም ያወርዳል፤ ለዚያ ሌላ ኪኒን ይመጣል። ሽንት ሲበዛ ሌሊት መነሣት ይከተላል፤ ሌሊት በጨለማ የተነሡ እናት ደፍ ላይ ይወድቃሉ። የበሰለችው ነርስ ግን አውራ ጣቷን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጫን አድርጋ ትቆይና ስታነሣ የቀረውን ስርጉድ ታያለች። ከዚያ ትጠይቃለች። ሁለቱም እግር ነው ወይስ አንዱ? ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ? ስንት ትራስ ተደግፈው ነው የሚተኙት? ሲጋደሙ ትንፋሽ ያጥራል? ወሳኟን ጥያቄ ለመጨረሻ ታስቀራለች፦ «አምሎዲፒኑ ከ5 ወደ 10 ከፍ ያለው መቼ ነበር?» እብጠቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ ልብና ኩላሊቱ ታይተው ጥፋት ካልተገኘባቸው፣ ተጠያቂው ኪኒኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። አምሎዲፒን በተለይ በ10 ሚሊግራም ሲሰጥ ቁርጭምጭሚት ማሳበጡ የታወቀ ነው። ነርሷ ይህን ለሐኪሙ በአንድ መስመር ትጽፍለታለች፤ መጠኑ ወደ 5 ይመለሳል፤ ፉሮሰማይዱ ሳይታዘዝ ይቀራል። ካርዱ ላይ ያልሰፈረችው ኪኒን ከሰፈሩት ሁሉ የበለጠ ዕውቀት ጠይቃለች።

የጎረቤቷ ዳይክሎፌናክም ተራ ነገር አይደለም። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሚወስድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ማስታገሻ ሲደረብ ኩላሊት በሦስት በኩል ይያዛል፦ ማስታገሻው ወደ ማጣሪያው የሚገባውን የደም ቧንቧ ያጠባል፣ ኢናላፕሪሉ የመውጫውን ቧንቧ ያላላል፣ የሚያሸናው መድኃኒት ደግሞ የሰውነትን ፈሳሽ ይቀንሳል። ማጣሪያው ግፊት ያጣል። «ይህን አይውሰዱ» ብሎ መጣል ቀላል ነው። ጉልበቱ ግን ማታ ይጠዘጥዛል፤ ሰውየው ደግሞ ምትክ ካላገኘ ፍሬውን ቤቱ ሄዶ በድብቅ ይውጠዋል። ስለዚህ ፓራሲታሞል ይሰጣል፣ ሙቅ ጨርቅ ይነገራል፣ ቡና ሲፈላ ከዝቅተኛው በርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ ይመከራል። ጎረቤቷ ክፉ እንዳላሰበችም አብሮ ይነገራል፤ አለበለዚያ ሌላ ጊዜ ፌስታሉ ከመዘርገፉ በፊት ይጣራል፣ ዳይክሎፌናኩም ቤት ይቀራል።

ኤችአይቪ አብሮ ሲኖር ገጣጣሚው ሌላ ራስ ምታት ይገጥመዋል። አሁን በብዛት የሚሰጠው ዶሉተግራቪር ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የሜትፎርሚኑ መጠን በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ችግሩ ስሌቱ ላይ አይደለም። የፀረ ኤችአይቪው ክፍል ሌላ፣ የስኳሩ ክፍል ሌላ ነው፤ ሁለት በር፣ ሁለት ካርድ፣ አንድ ሰው። ያ ሰው ደግሞ አንደኛውን ካርድ ከሌላው ክፍል ይደብቅ ይሆናል። ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ በር ዘግቶ፣ «ሌላ ቦታ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ያለ ፊት ለውጥ መቀበል በየትኛውም መመሪያ ላይ በሚሊግራም አልተለካም።

ደም ግፊት መለካትን ማንም የሚችለው ይመስለዋል። እስቲ በደንብ ሲሠራ እንየው። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ሰውዬው ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ እግሩን ሳያነባብር አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። ክንዱ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የተጠቀለለ የሹራብ እጅጌ ክንድን ስለሚያንቅ እጅ ከእጅጌው እንዲወጣ ይደረጋል። የሚጠቀለለው ጨርቅ ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ ከሰፋ ይወርዳል። አየሩ በሴኮንድ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው። በልኬት ጊዜ ደግሞ ወሬ የለም፤ መቐለ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሰላምታው ረጅም ነው፤ «ከመይ ሓዲርክን» ተብሎ ልጆች፣ ከብቶች፣ ዝናቡ ሁሉ ይጠየቃሉ። ብልኋ ነርስ ሰላምታውን አትቆርጠውም። አድርሳ ትጨርሰዋለች፤ ያ ጊዜ ለዕረፍት ተቆጠረ ማለት ነው፤ ዝምታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አልጨረሰችም። አደይ አልጋ ላይ እንዲጋደሙ ታደርግና እንደገና ትለካለች፤ ከዚያ ቆመው ከአንድና ከሦስት ደቂቃ በኋላ። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው ነርቩ ስለሚደክም ቆሞ ሲለካ የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። ተቀምጠው 150 የሆኑት እናት ቆመው 118 ከሆኑ ሌላ የግፊት ኪኒን መጨመር መውደቅን ማዘዝ ነው። ይህን ሁለተኛ ልኬት የሚሠራ ብዙ የለም፤ ጊዜ ይወስዳል። ይሁንና በአንድ ሕመም መመሪያ ትክክል የሆነው ነገር በሌላው ሕመም በኩል እንዴት አደጋ እንደሚሆን የሚታየው እዚያ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከዐዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ እነዚህ ሁሉ ቆመው ይለኩ ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ስኳርም ግፊትም ያለባቸው ቢለኩስ?

ጾም ሌላው የሙያ መፈተኛ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙዎች እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። ግሊቤንክላሚድ ግን ጾም አያውቅም፤ ጠዋት የተዋጠች ፍሬ ሆድ ባዶ ቢሆንም ኢንሱሊን ማስወጣቷን ትቀጥላለች። ኩላሊት የደከመ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከርማል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ራስን መሳት ይከተላል። «አይጹሙ» የሚል ትእዛዝ በቀላሉ ይሰጣል፤ አደይም አንገታቸውን ነቅንቀው ይወጣሉ፣ ይጾማሉም። የሠለጠነ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚፈቱት?» ብሎ ነው። ከመልሱ ተነሥቶ ከሐኪሙ ጋር መጠኑ ይቀነሳል፣ ሰዓቱ ወደ መጀመሪያው ምግብ ይዛወራል፣ ወይም ስኳርን እንዲህ የማያወርድ መድኃኒት ይተካል። ከረሜላ በመቀነት ይቋጠራል። የነፍስ አባታቸው ስም ይጠየቃል። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስገድድም፤ ይህን ግን ከነርስ አፍ መስማትና ከነፍስ አባት አፍ መስማት አንድ አይደለም። ለሙስሊሙም በረመዳን ያው ስሌት በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ተቀይሮ ይሠራል። ጸበልን በተመለከተ መንገዱን የጠረጉት ሟቹ የዓድዋ ሰው አቡነ ጳውሎስ ናቸው፤ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ፓትርያርኩ በአደባባይ ተናገሩ። ጸበል ሊገቡ ሲሉ የስኳር መድኃኒታቸውን ቤት ጥለው ለሚሄዱ ሰዎችም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

መስኮቱ ጋ ያለውን ፋርማሲስት ሳላነሣ አላልፍም። የሚሰጠው ፖስታ ላይ ጠዋት ለሚዋጠው ፀሐይ፣ ማታ ለሚዋጠው ጨረቃ ይሥላል፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይህ ሥዕል ከሙሉ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል። ዐይናቸው ለፈዘዘ ሰዎች አንዱን ፖስታ ጥጉን ይቆርጠዋል፣ በጣት ዳስሰው እንዲለዩት። «በየ12 ሰዓቱ» የተባለውን ሰው «12 ሰዓት ላይ» ብሎ ቢሰማው በእኛ አቆጣጠር ማለዳና ምሽት ላይ ስለሚውል ጉዳት የለውም፤ «በየ8 ሰዓቱ» ሲባል ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ብቻ የሚውጥ ይኖራል። ስለዚህ ሰዓት አይጠራም፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ይባላል። ከሁሉ በላይ የማደንቀው የመጨረሻዋን ሥራ ነው። «እስቲ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት ብለው ነው የሚያስረዷት?» ይላል። አደይ እንደ ተማሪ እንዳይፈተኑ፣ ፈተናው ወደ እሱ ማስረዳት ይዞራል።

ኢንሱሊን ላይ ስንደርስ ሥራው ቃል በቃል የእጅ ሥራ ይሆናል። ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን አይናጥም፤ በሁለት መዳፍ መካከል አሥር ሃያ ጊዜ ያህል ይንከባለላል፣ ነጭነቱ እኩል እስኪሆን። ሲናጥ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ በመርፌው ውስጥ የመድኃኒቱን ቦታ ይወስዳል። ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን የሚቀላቀል ከሆነ የጠራው መጀመሪያ፣ ደፍራሳው ኋላ ይቀዳል፤ ቢገለበጥ ፈጣኑ ብልቃጥ ይበከላል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ይነግራል። መጽሐፍ የማይሰጠው ጣት ነው፦ ነርሷ ሆዱንና ጭኑን በጣቷ ጫፍ ታስሳለች፤ ለዓመታት አንድ ቦታ ሲወጋ የቆየ ሥጋ ያብጣል፣ ይጠጥራል። እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። ሰዎች ግን እዚያ መወጋት ይወዳሉ፤ አያማቸውማ። ወደ አዲስ ሥጋ ሲዛወሩ መድኃኒቱ በደንብ ስለሚሰርግ መጠኑ በዚያው ቀን ካልተቀነሰ ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል። ቦታውን የሚያስቀይር ብዙ ነው። መጠኑን አብሮ የሚያስቀንስ ባለሙያ ሳይ ባርኔጣዬን፣ ይቅርታ፣ ጋቢዬን ዝቅ አደርጋለሁ።

ማስቀመጫውም ጥበብ አለው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ፍሪጅ የሌለው፣ ወይም ፍሪጅ ኖሮት መብራት የሌለው ቤት ሁለት ሸክላ ያገኛል፤ ትንሹ በትልቁ ውስጥ ይገባል፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ይህ ብልሃት የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው መቐለ ደግሞ ከክረምቱ ውጭ አየሯ ደረቅ ነው፤ ሸክላው በእርጥብ ቆላ ከሚሠራው የበለጠ እዚህ ይሠራል። ብልቃጡ እንዳይርስ በላስቲክ ይታሰራል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ የዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ይዘው በ2013 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አሳይቷል። ለአደይ ይህ የምስራች ነው፤ በስንት መከራ የተገኘውን ብልቃጥ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ጋ አስቀምጠው በየቀኑ በር አያንኳኩም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ በረዶ የነካው ኢንሱሊን አበቃለት። ፍሪጅ ያላቸው ሰዎች የሚያጠፉት በሙቀት ሳይሆን ብልቃጡን ከበረዶ ቤቱ ጋር በማጣበቅ ነው።

መቐለ በስኳር ክትትል ጀማሪ አይደለችም። የሊቨርፑሉ ጄፍሪ ጊልና ትውልደ ኢትዮጵያዊው የስኳር ሐኪም ሰለሞን ተስፋዬ ያሉበት ቡድን የመቐለ ሆስፒታልን የስኳር ታካሚዎች አጥንቶ በ2000 ዓ.ም. አሳትሟል። (የጥናቱ ርእስ መቐለን «ሩቅ ሰሜን አፍሪካ» ውስጥ ነው የጨመራት፤ ምን ይደረግ፣ ከሊቨርፑል ሲታይ ሩቅ ናት።) አይደርም ለሕዝብ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው፤ በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ከትግራይ ሌላ ከአፋርና ከሰሜን ምሥራቅ አማራ ለሚመጡት ጭምር የመጨረሻው ደረጃ ሆስፒታል ሆነ። ክትትልን ወደ ታች የማውረዱን መንገድ በሰፊው ያሳዩት ግን ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ስኳርን፣ ግፊትን፣ የሚጥል በሽታን በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች መከታተል እንደሚችሉ በሥራ አስመሰከሩ። ሕመምተኛው ለአንድ ብልቃጥ ብሎ የቀናት መንገድ እንዳይሄድ።

ከዚያ የትግራዩ ጦርነት መጣ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በትግራይ 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝተው ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት መዘረፋቸውን፣ በደንብ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። ከሰኔ 2013 በኋላ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ መድኃኒት ራሱ ጠፋ። ባለሙያዎቹ ጓንት አጥበው ደግመው አጠለቁ፣ ቁስል በጨው ውኃ አጠቡ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት እያመዛዘኑ ሰጡ፤ ደሞዝ ሳይከፈላቸው ከዓመት በላይ ሠሩ። ጥር 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ አውሮፕላን መቐለ ሲያርፍ፣ ከመስከረም ወዲህ የገባ የመጀመሪያው የሕክምና ዕቃ ነበር፤ ከያዘው አንዱ ኢንሱሊን ነው።

እዚህ ላይ ሙያን ማወደስ ሳይሆን መጠንቀቅ ይሻላል። እጅ ያላት ነርስ ያለ ኢንሱሊን ምን ታደርጋለች? መጠን መቀነስ፣ ከሞተ ሰው ቤት የተመለሰ ብልቃጥ ማካፈል፣ የቱ ታካሚ ቀድሞ እንደሚጎዳ መገመት፤ እነዚህም ሙያ ናቸው፣ ግን ማንም ሊማራቸው የማይገባ። የአይደር ሐኪሞች በዚያን ጊዜ የስኳር፣ የኩላሊትና የካንሰር ሕመምተኞች በመድኃኒት እጦት እየሞቱባቸው እንደነበር በይፋ ተናግረዋል። ኩላሊት ማጠቢያ የሚያስፈልገው ሰው ሳምንቱን የሚቆጥረው በማጠቢያው ቀን ነው፤ ቀኑ ሲዘለል ጥበብ አይተካውም። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። መድኃኒቱ ሲመለስ ግን የተቋረጠው ካርድ፣ የተሰደደው ነርስ፣ ሁለት ዓመት ያለ ክትትል የከረመው ኩላሊት አብረው አልተመለሱም።

አሁን ወደ እግር። ስኳር የቆየበት እግር አያምም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ነርሷ ዐሥር ግራም በሚመዝን ግፊት የሚታጠፍ ቀጭን የናይሎን ክር ይዛ መርገጫውን ነጥብ በነጥብ ትነካካለች፤ «ሲሰማዎት አዎ ይበሉ»። የሚሰማበት ጊዜ እንዳይገመት አንዳንዴ ሳትነካ ትጠይቃለች። በጣቶቹ መሐል ታያለች፣ ተረከዙ መሰንጠቁን ታያለች፣ ቀጥሎ ጫማውን ታነሣለች። እጇን ውስጡ ከትታ ምስማር፣ ጠጠር፣ የተቀደደ ገበር ትፈልጋለች። የፕላስቲክ ሺዳ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ግን ማሰሪያው ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢፈገፍግ ባለቤቱ የሚያውቀው ማታ ካልሲው ላይ ደም ሲያይ ነው።

እግሩ ከተቆረጠ ደግሞ ሥራው ወደ መቐለ ኦርቶ-ፊዚዮቴራፒ ማዕከል ይሻገራል። ማዕከሉ በትግራይ የጦር ጉዳተኞች ማኅበር ሥር የቆየ፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የኖረ ነው። በመጨረሻው ጦርነት እግራቸውን ያጡ ወጣቶች በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ስኳር እግራቸውን የወሰደባቸው ሽማግሌም ይቀመጣሉ፤ ለቴክኒሻኑ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አሠራሩ ይህ ነው። በጀሶ የተነከረ ፋሻ ቀሪውን እግር ይጠቀለልበታል፤ ሲደርቅ ይወጣና ውስጡ ጀሶ ይፈስስበታል። የወጣው ነጭ ቅርጽ የእግሩ ትክክለኛ አምሳያ ነው፤ ትክክለኛ አምሳያ ግን አይጠቅምም። ቴክኒሻኑ ሞረድ አንሥቶ ከጉልበት ቆብ በታች ያለውን ጅማት፣ ሸክም የሚችለውን ቦታ፣ ወደ ውስጥ ይሞርደዋል፤ ሸክም በማይችለው በቅልጥሙ ጠርዝና በጎን ባለው የቀጭኑ አጥንት ራስ ላይ ደግሞ ጀሶ ይጨምራል። ከዚያ የፖሊፕሮፒሊን ሉህ በምድጃ ውስጥ ወደ 180 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት እስኪለሰልስ ይቆይና ቅርጹ ላይ ይጣላል፤ አየሩ ሲሳብ ፕላስቲኩ እንደ ቆዳ ይለጠፋል። አንድ ሚሊሜትር ብዙ ነው። ወጣቱ ታጋይ ሲለብሰው ካቆረቆረው ይጮኻል፤ ጩኸቱ ለቴክኒሻኑ መሪ ነው። ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ ግን «ደህና ነው ወደይ (ልጄ)» ይላሉ፤ አይሰማቸውማ። ስለዚህ ትንሽ ካራመዳቸው በኋላ አስወልቆ ቆዳውን ያነብባል፦ የትኛው ቅላት ባለበት ይቆያል፣ የትኛው በደቂቃዎች ይጠፋል። የማይጠፋው ቅላት የነገ ቁስል ነው። ተመልሶ ወደ ሞረዱ ይሄዳል።

ይህም ከሌሎቹ ሕመሞች ጋር ካልተገጣጠመ ይፈርሳል። ኩላሊታቸው የደከመ ሰው ቀሪ እግር ጠዋትና ማታ አንድ ልክ የለውም፤ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። ሰኞ የገጠመው ሶኬት፣ ቀሪው እግር የሚገባበት ያ ፕላስቲክ፣ ዓርብ ይጠብባል ወይም ይዋልላል። መፍትሔው ካልሲ ነው፤ ሲሟሽሽ መደረብ፣ ሲያብጥ መቀነስ። ቴክኒሻኑ ስንት ካልሲ እንደሚደረብ በቀን በቀን እንዲያስታውሱ ይነግራቸዋል፤ ልባም የሆነ ቴክኒሻን ቁጥሩን ራሱ ይጠይቃል። በሦስት ቀን ውስጥ ካልሲው በድንገት ከተቀነሰ ያ የሶኬት ጉዳይ አይደለም፤ ውኃ እየያዙ ነው፣ ለነርሷ ይደወል። ልብ የደከመ ሰው በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ከወትሮው የበለጠ አቅም እንደሚወስድበት የሚያውቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ልምምዱን በትንፋሹ ልክ ይቆርጠዋል። የቀረው አንድ እግር ደግሞ የሁለቱን ሸክም ይዟል፤ ለእሱ ለስላሳ መርገጫ ያለው ሰፋ ያለ ጫማ ካልተሠራ ከጥቂት ዓመት በኋላ እሱም ይከተላል።

እንግዲህ አደይ ከሕንጣሎ ወይም ከሳምረ የሚመጡ ናቸው እንበል። የዐይን ቀጠሮ ኩሓ፣ የስኳሩ መቐለ፣ የእግሩ ማዕከሉ ጋ፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት የትራንስፖርት ሒሳብ፣ አብራ የምትመጣው ልጅ ሦስት ጊዜ ሥራ መቅረቷ። ይህ ሸክም ራሱ አንድ ተጨማሪ በሽታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም መድኃኒቱ ሳይሆን መንገዱ ሰልችቶት ነው። ነርሷ ቀጠሮ ደብተሯን ትከፍትና ትጠይቃለች፦ አጨዳው መቼ ያልቃል? ማን ነው የሚያመጣዎት? ከዚያ ስልክ ታነሣለች። ሰኞ የመቐለ ገበያ ቀን ነው፤ መኪና ሞልቶ ይመጣል፣ ሞልቶ ይመለሳል። ደም በባዶ ሆድ ማለዳ ይወሰዳል፣ ቁርስ ይበላል፣ ውጤቱ እስኪደርስ እግሩ ይታያል፤ ፋርማሲው የሦስት ወር መድኃኒት ካለው የሦስት ወር ይሰጣል። የኩሓው ለብቻው ይቀራል፤ እሱን ወደ ሌላ ሰኞ ከሰዓት ታስገባዋለች።